ጠበል አይጠረግም

ሙላት የመኪናዋን ኮፈን ነጭ ነጠብጣብ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሊፍቅ ሲሞክር ጠሃ እጁን ያዘው።

"ጥፍር ቀለሙን ነው እሚልጠው። ለኔ ተወው።"

ከሐይቅ ከተማ መውጫ ባለችው የጠሃ ላቫጆ ከጠዋት ጀምሮ ተገትረዋል። ጥቁሯ መኪና በሳሙና ታጥባ እርጥብ ሳለች ታበራለች፤ ደረቅ ስትል ግን ነጠብጣቡ ከኮፈን እስከ ጣሪያ መልሶ ብቅ ይላል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ነገ ደግሞ የመኪናዋ ባለቤት ጋሼ ባድሩ ልጃቸውን ፈሂማን ይድራሉ። ሙሽራዋ ውርጌሳ፣ አማቶቿ ቤት የምትሄደው በዚችው መኪና ሲሆን የሚነዳውም ሙላት ነው። ጋሼ ባድሩ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ መኪናዋን ሊያዩ ይመጣሉ።

ነጠብጣቡን ያመጣችው የሙላት እናት እናትነሽ ናት። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ ባዶዋን ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ፣ ነገ ሙሽራ ይዛ በምትሄድበት ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ እምቢ አለ፤ ሙላት በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ከመንገድ ዳር የጠጠር ክምር ላይ አውጥቶ አቆማት። እሱም መኪናዋም ጭረት አላገኛቸውም። ይህን የነገረው ለእናቱ ብቻ ነው። እሷም በማግስቱ አንድ ጀሪካን ጠበል ተሸክማ መጥታ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አጠመቀቻት። ሙላት ጨርቅ ሲያነሳ ተቆጣችው፤ ጠበል አይጠረግም፣ እላይዋ ላይ ይደርቃል እንጂ። ደረቀም። ፀሐዩ የጠበሉን ኖራ ቀለሙ ላይ ጋገረው።

ለጋሼ ባድሩ ግን ትንፍሽ አላለም። ከእሱ በፊት የነበረውን ሾፌር፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኔን በላብኝ ብለው ነው ያሰናበቱት። እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ፈራ። የፍሬን ዘይት ጨመረ፣ ሜዳ ላይ ሞከረው፣ ያዘለት። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት አልወረደም። ይይዛል ይላል ለራሱ፤ ፔዳሉን ሲረግጥ ሰመጥ እንደሚል ግን እግሩ ያውቃል።

ጠሃ መኪናዋን ጥላ ሥር አስገብቶ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። አቼቶ በውኃ አቅጥኖ መጀመሪያ ከበሩ ግርጌ፣ ሰው በማያየው ቦታ ሞከረ። ከዚያ በአቼቶው የራሰውን ጨርቅ ኮፈኑ ላይ ለጥፎ ጥቂት አቆየ፤ ሳይደርቅ አንስቶ በብዙ ውኃ አጠበና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አበሰው። ጥቁሩ ቀለም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሙላት ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ መንገዱን ያያል። በሩን ከፍቶ ፔዳሉን ይረግጥና መልሶ ይዘጋዋል።

"አብሽር፣ እየለቀቀ ነው" አለ ጠሃ። "ነጠብጣቡ በለቀቀ ቁጥር አንተ እየባሰብህ ነው እንዴ?"

ሙላት ሙቀቱ ነው ብሎ አለፈው።

ጣሪያው ሲያልቅ እናትነሽ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ ስትመለስ አየቻቸው። ተጠግታ እጇን በኮፈኑ ላይ አሳለፈች።

"ጠረጋችሁት።"

"ለሠርጉ ነው እማዬ። እንዲያ ሆና ሙሽራ አትጭንም።"

"እሱስ ደግ። ፈሂማም ልጄ ናት፣ ትመርበት።" ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። "ፍሬኑንስ አሠርተኸው የለ?"

ሙላት ዘይት እንደጨመረ ነገራት። ጠሃ ጨርቁን እንደያዘ ቀጥ አለ።

"ዘይቱን አልጠየቅኩህም" አለች እናቱ።

"ሜዳ ላይ ይይዛል።"

"እኔ ጠበሉን ያፈሰስኩት አንተ ብረቱን ታሠራለህ ብዬ ነው" አለች እናትነሽ ድምጿን ሳታነሳ። "ሁለቱንም ለእግዜር ጥለህለት ኖሯል?"

ሙላት አፈረ። ጠሃ ፊት መሆኑ ሳይሆን፣ እናቱ እውነቷን መሆኑ አንገቱን አስደፋው። ወዲያው አንድ ባጃጅ መጥታ ቆመችና ጋሼ ባድሩ ወረዱ። መኪናዋን ዞረው አዩ። ኮፈኑ ላይ የራሳቸውን ፊት ሲያዩ ማሻአላህ አሉ፣ ጠሃንም ሙላትንም መረቁ። ከዚያ ከፊት ወንበር ገብተው ተቀመጡ።

"በል እስከ ቤት ውሰደኝ፤ ፈሂማ ትያት።"

እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ሙላት ከመሪው ኋላ ገብቶ ቁልፉን ሰካ፣ ፔዳሉን ረገጠ። ሰመጠ። እናቱ ዘንቢሏን አንስታ ቆማ ታየዋለች። ቁልፉን መልሶ ነቀለው።

"ጋሼ፣ ይቺ መኪና እስክትሠራ ቁልቁለት አትወርድም። ባለፈው ሳምንት ፍሬኗ ከድቶኛል። ደብቄዎት ነው።"

ጋሼ ባድሩ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

"ልጄን ልትጭንባት ኖሯል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

እጃቸውን ዘረጉ። ሙላት ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠና ወረደ። ከመንገዱ ዳር ከባድ ድንጋይ መርጦ በሁለት እጁ አንስቶ አመጣ፤ መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ ከኋላ ጎማዋ ሥር ወትፎ በተረከዙ ገፍቶ አጠበቀው።