የወተት ቦቴ

መምህሩ ከባሕር ማዶ ተምሮ ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ስም ለማውጣት ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀባቸውም፤ «ምንጩስ» አሉት። ማንም ምንም ቢጽፍ «ምንጩስ? ከየት አመጣኸው?» ማለት ልማዱ ነበርና። በክፍሉ ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ «የሰው ቃል የሰው ንብረት ነው፤ ስትወስድ ባለቤቱን ጥራ» ብሎ ለጥፏል። ከሥሩ አንዱ ተንኮለኛ በእርሳስ «ይህንንስ ከማን ወሰዱት?» ብሎ ጽፎበታል።

ግለቱ ከሜዳ አልመጣም። ባሕር ማዶ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ከመጽሐፍ ሁለት ገጽ እንዳለ ገልብጦ አስረክቦ ነበር። ሌባ ሲሉት ጆሮውን ማመን አቃተው። ልጅ ሳለ ያስተማሩት ጋሼ፣ የመጽሐፉን ቃል ሳያዛንፍ ለደገመ ልጅ ነበር ክፍሉን የሚያስጨበጭቡት። ያ ውርደት ዛሬም አልለቀቀውም። እኚሁ ጋሼ አሁን የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ሥራውንም ያስገኙለት እሳቸው። ተማሪ ሁሉ በግድ የሚይዘው የናሙና ድርሰቶች አጋዥ መጽሐፍም አሳትመዋል።

አንድ ሰኞ የዘጠነኛ ክፍል ድርሰቶችን ያርማል። ርዕሱ «የቤተሰቤ ሥራ» ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ወረቀት ደረሰ። «አባቴ የፍሳሽ ቦቴ ይነዳል። የሰው ሽንት ቤት ሲሞላ የሚጠሩት እሱን ነው…» አንድ አምስት መስመር እንደሄደ ቃላቱ የሚያውቃቸው መሰሉት። የጋሼን መጽሐፍ ገለጠ። «አባቴ የወተት ቦቴ ይነዳል…» ይላል። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አመሳከረ። ያው ነው። ወተት በተባለበት ቦታ ሁሉ ፍሳሽ ገብቷል፤ በቃ።

መስረቋ አንሶ ማቆሸሿ! የሰው ወተት ወስዳ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋችው። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለውን ማንበብ አስጠላው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስቆማት። መጽሐፉን በአንድ እጁ፣ ወረቀቷን በሌላው ይዞ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እያፈራረቀ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ መስኮት እንክፈት እንዴ?» አለ አንዱ አፍንጫውን ይዞ።

«ወይ ጉድ! ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ይቺ ወተቷን ምን አስነካቻት!» አለ ሌላው።

«የራሴ ነው» አለች ልጅቱ።

«የራስሽ ከሆነ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማን ከተተው? በእግሩ ሄዶ ገባ?»

ልጅቱ ሽፋኑ ላይ ያለውን የጋሼን ስም አየችና አንገቷን ደፋች። መምህሩ ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። «እንዲህ ያለውን ነው ሌባ የምለው» አለ፣ ለክፍሉ ሁሉ። ከዚያ ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ክስ ጻፈ። ጥፋተኛ ከተባለች ዓመቱ ይሰረዝባታል፤ አባቷም ለሐሙስ ተጠራ።

ሐሙስ ጠዋት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ መጽሐፉንና ወረቀቱን ለሒሳብ መምህርቷ አሳያት። ትፍረድለት ብሎ ነው። እሷ ዳቦዋን እያኘከች ከመጽሐፉ ጀመረች፤ ጥቂት አንብባም ትን አላት።

«ስማ እስቲ፣ ይህ ወተት ምን ሆኖ ነው?»

«እንዴት?»

«እንዲህ ይላል እኮ፦ “ቦቴው ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። አባቴ ልብሱን ደጅ አውልቆ፣ እጁን ሦስቴ በሳሙና ታጥቦ ነው የሚስመኝ።” ለወተት ነው መስኮት የሚዘጋው? ለወተት ነው ሰው ደጅ ላይ የሚራቆተው?»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። ፍሳሹ ውስጥ ሁሉም ቃል ቦታ ቦታውን ይዟል። ወተቱ ውስጥ ግን አንዱም አይሆንም።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ከርመሃል፣ ወንድሜ» አለችው፤ ፊቱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

በቀጥታ ወደ ጋሼ ቢሮ ሄደ። ከኋላቸው ያለው ቁም ሳጥን በገመድ በታሰሩ የተማሪ ወረቀቶች እስከ ላይ ተሞልቷል።

«ጋሼ፣ የወተት ቦቴውን ድርሰት ማን ነው የጻፈው?»

«እሱን? አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፣ ካቻምና። ጎበዝ ልጅ!» አሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይሰብሩ።

«ስሟ የለም እኮ።»

«የልጅ ስም ምን ያደርጋል? ያስተማርኩ እኔ፣ ያረምኩ እኔ። ጋጋሪ ዳቦው ላይ የዱቄቱን ስም ይጽፋል?»

«ፍሳሹንስ ለምን ወተት አደረጉት?»

«ኧረ በሞቴ! መጽሐፍ ላይ ሽንት ቤት ይታተማል? ለክብሯ ብዬ ነው እንጂ።» ተነሥተው መጡና እንደ ልጅነቱ ጉንጩን መታ መታ አደረጉት። እጃቸው የሎሚ ሽቶ ይሸታል። «ስማኝ ልጄ። ክሱን ቀስ ብለህ አንሳ። እሷም ትዳን፣ አንተም ሥራህን ሥራ። እኔ ያስገባሁህ ሰው እንድታዋርደኝ ነው?»

መምህሩ ወጥቶ ክሱን ከዳይሬክተሩ ጸሐፊ ተቀብሎ ቀደደው። ጉንጩን በእጅጌው ደጋግሞ ጠረገ፤ ሽታው ግን አልለቅ አለው።

ልጅቱና አባቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰውየው ታጥቦ የተተኮሰ የሥራ ቱታ ለብሷል። መምህሩን ሲያይ ብድግ አለና፣ መዳፉን ወደ ውስጥ አጥፎ የእጁን አንጓ ዘረጋለት። መምህሩ መዳፉን ፈልቅቆ ጨበጠው።

«ክሱ ተነሥቷል። ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ።

«ተመስገን! እኔም ልጄ እንዲህ አታደርግም ብያለሁ» አለ አባት። «በል እንግዲህ፣ መኪናዋን ደጅ አቁሜያለሁ፤ ሰው ሳይንጫጫብኝ ልሂድ።» ልጁን ግንባሯ ላይ ስሞ ወጣ።

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። «ከየት ነው ያነሡት፣ ቲቸር?»

«ከኮሚቴው።»

«ኮሚቴው መቼ ሌባ አለኝ? ክፍል ውስጥ እኮ ነው ያሉኝ።»

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተይው ግድ የለሽም። አሁን ልጆቹ ፍሳሹን ከራስሽ የፈጠርሽው ነው የሚመስላቸው። ያንቺ ነው ካልኳቸው የአባትሽ ሥራ እውነት መሆኑን ያውቃሉ። ሲያሾፉብሽ ሊከርሙ ነው። እኔ ለክብርሽ ብዬ…»

እዚህ ላይ ቃሉ አፉ ውስጥ ደረቀ። የጋሼ ቃል ነው፤ እንዳለ የገለበጠው። ስንት አገር ዞሮ፣ ስንት መጽሐፍ አገላብጦ የተማረው ለካ ይህንኑ ነው።

«እኔ አላፍርበትም» አለች ልጅቱ። «እርስዎ ነዎት ያፈሩበት።»

«ነይ» አላት።

ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ጫጫታው ረገበ። መምህሩ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። ያሰበው ረጅም ንግግር ነበር፤ የወጣው ግን አጭር ሆነ።

«ድርሰቱን የጻፈችው እሷ ናት። ወስደው፣ ቃሉን ለውጠው፣ ያለ ስሟ ያሳተሙት የመጽሐፉ ባለቤት ናቸው። ሳያጣራ ሌባ ያላት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ እጁን ወደ አፍንጫው እያስጠጋ፣ «እና አባቷ የእውነት…?» አለ።

«አዎ፣ የእውነት» አለች። ወረቀቷን ከመምህሩ እጅ ተቀብላ ጀርባውን ገለበጠችና አነበበች። መጽሐፉ ላይ ያልታተመ፣ መምህሩም በንዴት ያልደረሰበት ነበር።

«“መስኮት የሚዘጉብንና ጉድጓዳቸው ሲሞላ የሚደውሉልን አንድ ሰዎች ናቸው። አባቴ በስልክ ድምፃቸውን ይለያል። አንዱ ሰባተኛ ክፍል ድርሰት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሲደውሉ ‘ወንድሜ፣ ድረስልኝ’ ይሉታል። ሲደርስላቸው ግን ከመስኮት ኋላ ሆነው በጣታቸው ነው ጉድጓዱን የሚያሳዩት። እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ፤ አላዩኝም።”»

የልጁ እጅ አፍንጫው ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። መምህሩ እጁን ዘረጋ።

«ወረቀቱን ስጪኝ፤ እንደገና ላርመው።»

ልጅቱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«አርመውታል» አለችና ተቀመጠች።