ልጁን እርስዎ የሚለው ቁልፍ ሠሪ

ቁልፍ ሠሪው ሴት ልጁን ገና በዳዴ ዘመኗ «አንተ» ማለት የጀመረው ክፉ አስቦ አልነበረም። ሰው ሴት ልጁን ሲያቆላምጥ እንደዚያ ይላል። «ና እስቲ የኔ ጌታ»፣ «ማን ነው የመታህ አንበሳው»። ሰፈሩ በሙሉ የሚለውን እሱም አለ። ልጅቷም «ና» ሲሏት ትመጣለች፣ «ሂድ» ሲሏት ትሄዳለች፤ «ነይ» ሲሏት ግን መጀመሪያ ዘወር ብላ ማን እንደተጠራ ታያለች። ይህን ማንም ልብ አላለውም። ልጅ ደግሞ የማያደርገው ነገር የለም።

ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ሚስቱ ከለከለችው። አድጋለች፣ ሰው ይሰማል፣ ነገ ለሚያገባት ምን ሊባል ነው አለችው። እሱም ነገር የማያካርር ሰው ስለነበር በዚያው ቀን ተወ። ራት ላይ «አንቺ፣ ውሃ አምጪ» አላት። ልጅቷ ውሃውን አመጣች። ከዚያ በኋላ ግን ወሬዋ አጠረ፤ ለዓመታትም አጥሮ ቀረ። ቁልፍ ሠሪው ጉርምስና ነው ብሎ አለፈው።

ትምህርቷን ስትጨርስ ከአባቷ ጋር ሱቅ ገባች። ሱቅ ማለት አንድ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ሙሉ የተንጠለጠለ ጥሬ ቁልፍ፣ ሁለት ሰው ሲቆምበት ደግሞ ክርን ለክርን የሚያጋጭ ቦታ ነው። አባትና ልጅ እዚያ ጎን ለጎን ቆመው ይውላሉ። ስለ ቁልፍ ካልሆነ ብዙም አያወሩም፤ ስለ ቁልፍም ብዙ የሚወራ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ማሽኑን አጠፋች። የብረት ብናኙን በመዳፏ እየጠረገች ነገሩን ጀመረችው።

«አባዬ፣ ድሮ አንተ ትለኝ ነበር አይደል?»

«እል ነበር።»

«አሁንም እንደሱ በለኝ። ለማቆላመጥ አይደለም። ስለሆንኩ ነው።»

ቁልፍ ሠሪው ሞረዱን አስቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ አነሳው። ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳችው። ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ራሷን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ወንድ መሆኗን ታውቃለች፤ ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ሌላ ሰው መስሎ መዋል ስለደከማት ነው። ለእሱ የገባው ግማሹ ነው። ግማሹ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቀም። ለጊዜው «እሺ፣ ይታሰብበታል» አለ፤ አከራያቸው ጣሪያው ያፈሳል በተባለ ቁጥር እንደሚለው።

ቤት ሲነገር ሚስቱ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ደፈደፈችው። ያስጀመርከው አንተ ነህ አለችው። እሱም የጎረቤታቸውን ልጅ ጠቀሰ፤ አባቷ «ጀግናው» እያለ አሳድጓት ይኸው መንታ ወልዳለች። ነገሩ በአፍ ቢሆን ኖሮ በሰፈሩ አንዲት ሴት አትገኝም ነበር። ሚስቱ ይህ መልስ እንዳልሆነ ነገረችው። መልስ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል።

ችግሩ በማግስቱ ሱቅ ውስጥ መጣ። ወይ «አቀብል» ወይ «አቀብይ» ካላሉ ለካ ሞረድ እንኳ ከቦታው አይነሳም። «አንቺ» ሊል ሲል የትናንቱ ፊት ይደቀንበታል፤ «አንተ» ሊል ሲል ምላሱ ይተሳሰራል። መጀመሪያ ማንንም ሳያዝ ለመኖር ሞከረ። «ያ ሞረድ ወደዚህ ቢመጣ ጥሩ ነበር» ይላል። «ምሳ የሚበላ ሰው ካለ፣ ምሳ ደርሷል» ይላል። እንዲህ እያለ ሲሰነብት የሣጥናቸው ቁልፍ የጠፋባቸው አንዲት ባልቴት ጓጉንቸሩን ይዘው መጡ። ልጁን ቀና ብለው አዩ፤ አጭሩን ፀጉርና ሰፊውን ሸሚዝ መረመሩ፤ ከዚያ ምንም ሳይጨነቁ፣ እርስዎ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ አሉ።

ቁልፍ ሠሪው የጠፋ ዕቃውን እንዳገኘ ሰው ሆነ። እርስዎ፦ ወንድ የለው፣ ሴት የለው። ባልቴቷ እንደወጡ ወደ ልጁ ዞረ።

«እርስዎ፣ ሞረዱን ያቀብሉኝ።»

ልጁም አባታቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ አቀበሉ።

ጎረቤታቸው ባለ ሥጋ ቤቱ ይህን በሰማ ጊዜ፣ ልጅህ ምን ተምረው ነው ብሎ ጠየቀ። ቁልፍ ሠሪው ሌላ ስላልመጣለት «የውጭ ቁልፍ» አለ። ወሬው እግር አወጣ። ደንበኛ ሲመጣ በአባትየው ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ «እሳቸው የሉም?» ማለት ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው በገዛ ሱቁ ረዳት ሆኖ አረፈው። ቤት ውስጥም ልጁን «እርስዎ፣ ጨው ያቀብሉን» ሲል ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔን አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም።

ነገሩ ለሰፈሩ ተመቸ፤ ለልጁ ግን አልተመቻቸውም። ደንበኛ ጠፍቶ በዋለበት አንድ ቀን፣ ሁለቱ ብቻ እንደቆሙ፣ ጥያቄው መጣ።

«አባዬ፣ ተቀይመኸኛል?»

«ምን ብዬ ነው የምቀየመው?»

«ሰው የቅርቡን ሰው እርስዎ የሚለው ሲኳረፍ ነው።»

«ኩርፊያስ የለኝም። አፌ ነው እምቢ ያለኝ።»

«እንግዲያው አንቺ በለኝ። እሱንም ለምጄዋለሁ። እርስዎ ስትለኝ ግን በር ላይ የቆምኩ እንግዳ ነኝ።»

ቁልፍ ሠሪው ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ልጁ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሞ ኖሮ፣ ስንት ተጨንቆ ተናግሮ፣ አሁን ለአባቱ ምላስ ብሎ ሊተወው ነው። እንዲህ ከሆነ የአባት ሥራው ምኑ ላይ ነው? ከሱቁ ወጣ። እስከ ገበያው ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ «ና፣ ያዝ፣ ብላ፣ ና» ሲል ነበር። አንድ ውሻ እስከ ሱቁ ደጃፍ ተከተለው።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ሥጋ ቤቱ እምቢ ያለ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። ለሳቸው ልስጥ ወይ አለ።

«ለሱ ስጠው» አለ ቁልፍ ሠሪው።

«ለማን?»

«ለሱ። ለወንዱ ልጄ።»

ባለ ሥጋ ቤቱ ሱቁን ቃኘ። ሌላ ሰው ሊደበቅበት የሚችል ሱቅ አይደለም። ጓጉንቸሩን ሰጠና መቼ እንደሚደርስ ጠየቀ። ቁልፍ ሠሪው ዞሮ «ዛሬ ትጨርሰዋለህ?» አለ።

«እጨርሰዋለሁ» አለ ልጁ። ከዚያ ጓጉንቸሩ ላይ አቀርቅሮ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም፤ ጓጉንቸሩ የፈለገው ግን ትንሽ ዘይት ብቻ ነበር።

ወሬው አሁንም ሮጠ፤ በዚህኛው ሁሉም ደስ አላለውም። አንዳንዱ ደንበኛ ቁልፉን ሌላ ሰፈር ሄዶ ማስቀረጽ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ወዳጁ መጥተው፣ ልጅህን አስመክር አሉት። እሱም፣ ልጄ እኔን መክሮ ገና አልጨረሰም ብሎ ሸኛቸው። ባለ ሥጋ ቤቱ «እሳቸው» ማለቱን አልተወም፤ አንዴ የሰጠሁትን ክብር አልቀማም ባይ ነው። ቁልፍ ሠሪው ራሱ ሲደክመው «አንቺ» ያመልጠዋል። ያኔ ልጁ ማሽኑን ያስነሳና እንዳልሰማ ይሆናል።

እናትየው ግን የራሷን ዘዴ ያዘች። «ልጄ» ትልና የቀረውን ትውጠዋለች። «ልጄ፣ ሾርባ።» «ልጄ፣ ብርድ ልብስ።» ክረምቱ እስኪገባ በዚህ ዘለቀች። አንድ ቀን ልጁ ከሥራ ሲመለስ፣ አሁን ባጠበችው ወለል ላይ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ጭቃ እየጎተተ ገባ።

«ጫማህን አውልቅ አላልኩህም? ስንቴ ልንገርህ? አንተ ለሰው ልፋት ምንም አታዝንም!»

ቁልፍ ሠሪው ማንኪያውን አፉ አጠገብ እንዳደረሰ ቀረ። ልጁም አንዱን ጫማ አውልቆ በአንድ እግሩ ቆመ። እሷ ምን እንዳለች ያወቀች አትመስልም፤ ወይም ታውቃለች። መወልወያውን አምጥታ በእጁ አስጨበጠችውና ከበሩ ጀምር አለችው። ልጁ ጭቃውን ወለወለ፤ ጭቃ ያልነካውንም ወለወለ። እናቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየች።

«ጥጉ ቀርቶሃል» አለችው።