ቅጠሉን ማን አረጠበው?

ከጓሮው የቀጠፈውን ፍሬ ሳያጥብ ለልጁ ያላጎረሰ ከመካከላችሁ ማን ነው? እሱ ይነሳና ልብስ ሰፊዋን ይውቀሳት።

እንጆሪዎቿን እንደ ልጅ ነበር ያሳደገቻቸው። አምና ሥራቸው እንዲጠነክር ብላ የመጀመሪያውን አበባ ሁሉ በጥፍሯ እየቀነጠበች ስትጥል፣ የልጇ ባል «እማማ፣ የጠሉት ፍሬውን ነው ወይስ እኛን?» እያለ ሲያሾፍባት ከረመ።

«ለከርሞ ስትበላ አፍህ ይዘጋል» አለችው።

ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ። ፍሬው አፈር እንዳይነካ ከሥሩ ገለባ አነጠፈች፤ ወፍ እንዳይቀድማት ከመጋረጃ ስፌት በተረፈ መረብ ሸፈነችው። ስታጠጣም ከተክሉ ሥር ብቻ ነው፤ ቅጠሉንና ፍሬውን ጠብታ አታስነካም፣ እርጥብ ፍሬ ይሻግታላ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የልጅ ልጇ ሚጡ ሁለት ጉንጮቿን ወጥራ፣ አገጯ ቀልቶ ስትመጣ ሰፊዋ ሳቀች። የተገለጠውን መረብ ልትመልስ ጎንበስ ስትል ግን ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ቅጠሉ ርሷል። ዝናብ የለ፣ ጤዛ የለ፣ እሷ ገና ውኃ አልቀዳች፤ ቅጠሉ ግን ያንጠባጥባል። አሸተተችው። አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ሚጡ ማስመለስ ስትጀምር እናቷ አቅፋት ወደ ክሊኒክ በረረች። ሰፊዋ ከአጥሩ ማዶ፣ የግቢው ነዋሪዎች የጋራ ሣር ላይ፣ አትክልተኛውን መርጫውን በጀርባው እንዳዘለ አገኘችው።

«ምንድን ነው የረጨኸው?»

«የሣሩን ተባይ ነው፣ እትዬ። ነፋሱ ወደ እናንተ ወስዶት ይሆናል።»

«ስሙን ነው የጠየቅሁህ።»

«የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር በውኃ ጠርሙስ ቀድቶ ነው የሰጠኝ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ለነዋሪው እንዳትናገር፣ ወሬ ያበዛሉ አለኝ።»

ወሬ! ለሣር ያዘነ ሰው፣ ሣሩ ላይ ለሚድኸው ሕፃን አንዲት ቃል ሰሰተ። ይህንን ሰው ነው እንግዲህ ነዋሪው ሁሉ አጨብጭቦ የመረጠው።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት።

«እማ፣ ለሃጯ አልቆም አለ፤ የዓይኗ ብሌን መርፌ ቀዳዳ አክሏል። ሐኪሙ የመርዙን ስም ቶሎ አምጡ ይላል፤ ማርከሻው እንደ መርዙ ነው አለ።»

«እንዳትዘጊው። ለሐኪሙ ስጪው።»

ሊቀመንበሩ የት እንዳለ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ አዳራሹ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስለ ግቢው ውበት እየተናገረ ነው። ሰፊዋ አፈር በያዘ ጫማዋ መሐል ለመሐል ሰንጥቃ ገባች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አላት ፈገግ ብሎ። «ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።»

«እስከ መጨረሻው የልጅ ልጄ ላትቆይ ትችላለች። ያስረጨኸውን በልታለች።»

ፈገግታው ረገፈ። ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ። «ይሄ በሕዝብ ፊት የሚወራ አይደለም። ቢሮ እንግባና በእርጋታ…»

እጁን ከማይክሮፎኑ ላይ አነሳችና ስልኳን አስጠጋች።

«በስውር አስረጭተህ በስውር አትመልስልኝም። ሐኪሙ መስመር ላይ ነው፤ እሱም ይስማ፣ ይሄ ሁሉ ሰውም ይስማ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀዳኸው መርዝ ስሙ ምንድን ነው? ተናገር።»