ያልወጣ እርም

ወንዶቻችን ጫካ ሲገቡ እኛ ሴቶቹ ባል እንደሞተባት ሴት እንኖራለን። ጠጉር አናበጥርም፣ ዘይት አንቀባም፣ ዓሣ አንጠብስም። በጠጉራችን ክፋይ ላይ የምንቀባውን ቀይ ሲንዱር አጥበን፣ የዛጎል አምባራችንን አውልቀን፣ በሩን ቀኑን ሙሉ ከፍተን እንቀመጣለን። በደሴታችን ይህን የማትጠብቅ ሚስት ባሏን ለአጎት አሳልፋ እንደሰጠች ትቆጠራለች። አጎት የምንለው ነብሩን ነው፤ በስሙ ከጠሩት ይመጣል። ባል በሰላም ሲገባ ሚስት ታጥባ፣ ተቀብታ፣ አምባሯን አጥልቃ ዓሣ ትጠብሳለች። የዘይቱ ሽታ መንደሩን ሲያዳርስ ሁሉም «የእነ እገሌ ሰው ገባ» ይላል።

ምራቴ ሸፋሊ ሁሉንም ጠብቃለች። ምስክሯ እኔ ነኝ፤ ማንም በእሷ ላይ ምላሱን እንዳያሾል።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ። ታላቁ ሱባል የሸፋሊ ባል፣ የልጆቿም አባት ነው፤ አፉ የማይዘጋ ቀልደኛ። ታናሹ ባሱደብ ገና አላገባም፤ ሲናገር እንኳ የሚሳቀቅ ልጅ ነው። በማዕበሉ ጊዜ የባሕር ውሃ ግድቡን ጥሶ ማሳችን ላይ ከተኛ ወዲህ መሬቱ ጨው ሆኖ ሩዝ እምቢ አለ። ስለዚህ ልጆቼ በጀልባ እየወጡ ሸርጣን ማጥመድ ጀመሩ። ፈቃድ አላቸው። ፈቃዱ የሚሠራበት ቦይ ግን መንደሩ ሁሉ የሚርመሰመስበት ነው፤ ሸርጣን እዚያ ካለቀ ቆየ። ሸርጣኑ ያለው በተከለለው ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ የተገኘ ሰው ይታሰራል፣ ጀልባው ይወረሳል። እዚያ ለሞተ ካሳ የለም፤ አብሮት የነበረውም ይከሰሳል።

አንድ ጠዋት ወንድማማቾቹ ግቢ ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«ተው ሱባል፣ ሕግ ነው» ይላል ባሱደብ።

«ሕግ ነው? እሺ አምጣውና በሰናፍጭ ዘይት ጠብሰን እንብላው!»

«ብንያዝስ?»

«ብንራብስ? አንተ ፈሪ! አጎት እኮ ያለ ፈቃድ መንደራችን እየገባ ፍየል ይወስዳል። አንድ ቀን ተከሶ ያውቃል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማ፣ አንቺ ፍረጂ። ኃጢአት ነው?»

ጫካው የአድባራችን የቦንቢቢ ነው። እሷ ናት የምትጠብቀን፤ ለሆዱ ያህል ሊወስድ የገባውን ትጋርደዋለች፣ ስስታሙን ትተወዋለች። እኔም ያንኑ ነገርኩት። «ለሆድህ ያህል ብቻ ከወሰድክ ቦንቢቢ አትጣላህም። የመንግሥቱን ግን እኔ አላውቅም።»

ዛሬም ብትጠይቁኝ ኃጢአት አይደለም እላለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቤት ውስጥ ልጆች እያለቀሱ የእንጨት ሰሌዳ «አትግቡ» ስላለ ብቻ የሚቀመጥ አባት ካለ አሳዩኝ። ግን ኃጢአት አለመሆኑ ልጄን ከምንም አላዳነውም።

ባሱደብ ብቻውን ተመለሰ። ቀትር ላይ ነበር፤ ውሃው ሞልቶ ጀልባዋ ግድቡ ሥር ድረስ መጣች። ሸፋሊ ከበሩ ተነሥታ ከኋላው የሚመጣ እንዳለ አየች። ማንም አልነበረም። ባሱደብ ገባ፣ ጭቃው ከጉልበቱ በላይ ደርቆበታል፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የሸርጣኑን ገመድ ሊስብ ጎንበስ እንዳለ አጎት ከጎኑ ወጣበት» አለ። «በመቅዘፊያው መታሁት። ቦንቢቢን ጠራሁ። እየጎተተው ገባ። ተከትዬው ነበር፣ እማ፣ ጭቃው ያዘኝ።»

ሸፋሊ አፏን ከፈተች። ባሱደብ ዘሎ አፏን በእጁ ከደነው።

«እንዳትጮሂ! በእናትሽ፣ እትዬ፣ እንዳትጮሂ! የተከለለው ውስጥ ነው። አንድ ሰው ከሰማ የደን ጠባቂዎቹ ይሰማሉ። እኔስ ልታሰር፤ እናንተን ማን ያበላችኋል?» እያለ እሱ ራሱ ያለቅሳል።

አንዱን አጎት ወሰደው። የቀረውን ሕግ ሊወስደው ነው። እኔ እናት ነኝ፤ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ለማልቀስ የሚሆን ቦታ አላገኘሁም። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ የሲንዱሩን ዕቃ ይዤ ወጣሁ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ።»

አየችኝ። ወዲያው ገባት። «አይሆንም፣ እማ።»

«ሱባል በሰላም ገብቷል። ከዚያ ሥራ ተገኘለትና ቸኩሎ ሩቅ አገር፣ ወደ ኬራላ ሄደ። ባሱደብ ነው የሸኘው።»

«ለሞተ ሰው እንዴት ሲንዱር እቀባለሁ? ቦንቢቢ ምን ትለኛለች?»

«ቦንቢቢ ታውቃለች። እኛን የሚያስጨንቁን የማያውቁት ናቸው።»

ጠጉሯን አበጠርኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ክፋዩን በቀይ ሞላሁት። አምባሮቿን በገዛ እጄ አጠለቅሁላት። በሕይወት ሳለ ሞተ ብላ የተቀመጠችለትን ባል፣ አሁን ሞቶ ሳለ አለ ብላ ልትቀመጥለት ነው። እንደ ሙሽራ አምራ ነበር፤ እኔ ላያት አልቻልኩም።

ዓሣም ጠበስን፤ ካልጠበስን ማን ያምነናል? ሽታው እንደወጣ ጎረቤታችን ጦሩባላ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ሸፋሊ! ባልሽ ገባልሽ? እሰይ! ዛሬማ ጎረቤት የሚያስተኛ የለም!»

«ኧረ ተይኝ! መጥቶ ወዲያው ወደ ኬራላ በረረ እኮ» አለች ሸፋሊ። ሳቀችም። ያን ሳቅ የሰማ ጆሮዬ ምነው በደነቆረ።

ልጆቹም «አባባ ኬራላ ነው» ማለት ለመዱ። ጥቂት ቆይቶ የደን ጠባቂው ሃልዳር ባቡ መጣ። ደሴቱን ሁሉ የሚያውቅ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ «ባቡ» የምንለው ለአክብሮት ነው። በተከለለው ቦይ ውስጥ የተበጠሰ የሸርጣን ገመድና አንድ ፎጣ ተገኝቷል። ከየቤቱ ወንዶቹን እየጠራ ያያል።

«ሱባል የት ነው፣ እማማ?»

«ኬራላ፣ ባቡ። ለሥራ።»

«ደውይለትና ላናግረው።»

«አዲስ ቁጥሩን ገና አልላከልንም» አለች ሸፋሊ፣ አንገቷን ደፍታ።

ሃልዳር ባቡ የጠጉሯን ክፋይ አየ። ከዚያ ባሱደብን አየ። ፎጣውን ከቦርሳው አወጣው። ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙን እኔ ነኝ የጠቀምኩት። ማናችንም እጃችንን አልዘረጋንም።

«የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እማማ፣ እዚያ ጭቃው ላይ ደም አይተናል። ብዙ ደም ነው።»

«የአጋዘን ይሆናል፣ ባቡ» አልኩት።

በዚህ አፌ ልጄን አጋዘን አልኩት። ምድር ተከፍታ አልዋጠችኝም፤ እዚያው ቆሜ ነበር። ሃልዳር ባቡ ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«እንግዲያው የአጋዘን ነው» አለ። «እንደዚያው ብዬ አስታውቃለሁ። ልጅሽ ሲደውል ሰላም በይልኝ።» ፎጣውን አጥፎ ወደ ቦርሳው መለሰና ወጣ። ማስረጃ ነውና ሊሰጠን አይችልም፤ እኛም ልንለምነው አንችልም።

መንደሩ ደግ ሰው ነው ይለዋል፤ ልክ ነው። ሕጉን ስለ እኛ ብሎ አጠፈው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ባሱደብን በካቴና ይወስደው ነበር፣ እኔም መንገድ ላይ ወድቄ ሁለቱንም ልጆቼን በስማቸው እየጠራሁ አለቅስ ነበር። ያ ደግ ሰው ባሱደብን ተወልኝ፣ ሱባልን ግን በመንግሥት ቃል ሕያው አደረገብኝ። ከእንግዲህ በእኛ አፍ ከሞተ ሃልዳር ባቡም ዋሽቷል፣ እንጀራውን ያጣል። እርሜን ላወጣ ብነሣ የማጠፋው ቤት በዛ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ባሱደብ ወደ ጀልባው ወረደ። ሩዙ እያለቀ ነው፤ ሸርጣኑ ያለው ደግሞ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሸፋሊ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አምባሮቿን በሌላው እጇ አፍና ይዛ እንዳይንኳኩ።

«እማ» አለችኝ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሱባል መቼ ነው የሚሞተው?»

ማንን ሄጄ እንደምጠይቅላት አላውቅም ነበር።