የግራው ወንበር

ካልቡቡ ከሱሳሚር ሸለቆ ተነስተው ቢሽኬክ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ገበያ እስኪደርሱ ባሏን አላናገረችውም። ምን ብላ ታናግረው? ሰውየው በስተርጅና የመኪናዋን መሪ ከቀኝ ነቅዬ ወደ ግራ ላዙር ብሎ ተነስቷል። መሪው ወደ ግራ ከመጣ ሹፌሩም ወደ ግራ ይመጣል። እሷስ? እሷማ ቀኝ ጥግ ተወሽቃ የቦይ ሣር ስታይ ልትውል ነው።

መኪናቸው ጃፓን ሰራሽ ናት፤ መሪዋ በቀኝ። አገሩ የሚነዳውም በቀኝ መስመር ነው። ስለዚህ ባሏ ኦሮዝባይ ካሚዮን ኋላ በገባ ቁጥር የሚታየው የካሚዮኑ ቂጥ ብቻ ነበር። ከፊት የሚመጣውን የምታየው በግራ የተቀመጠችው ካልቡቡ ናት። አንገቷን አስግጋ ታይና "እለፍ!" ካለች ያልፋል፤ "ቆይ!" ካለች ይቆያል።

መኪናዋን የገዙ ሰሞን ይሄ ነገር ለኦሮዝባይ ሞት ነበር። የመንግሥት እርሻ ካሚዮን ሲነዳ የኖረ፣ አለቃው እንኳ ዝግ በል ሲለው የሚያኮርፍ ሰው፣ በሚስት አፍ ሊነዳ! የመጀመሪያ ቀን "እለፍ" ስትለው "እርግጠኛ ነሽ?" አለ።

"አንተ ስትጠይቀኝ መንገዱ ተዘጋ፣ ደንቆሮ!" አለችው።

ከዚያ ወዲያ ጠይቋት አያውቅም። በበጋ የባዝራ ወተት በበርሜል ጭነው የቶአሹን ተራራ አቀበት ሲወጡ፣ ልጆቹ ከኋላ ተደጋግፈው ሲያንቀላፉ፣ ባልና ሚስቱ በሁለት ቃል ይነጋገሩ ነበር። ተኳርፈው እንኳ እነዚያ ሁለት ቃላት አይቋረጡም። ጠዋት ሳህን ወርውራበት በወጡ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ "እለፍ" ስትለው አልፏል። ሌሎቹ ሴቶች ባሎቻቸው እንደሚወዷቸው የሚያውቁት በጉትቻ ነበር። ካልቡቡን ጉትቻ አምሯት አያውቅም።

ዛሬ ግን ሰውየው ቃሏን አልጠበቀም። ከፊቱ የሚሄደውን ሁሉ እየተከተለ፣ እንደ ቀብር ሸኚ እየተንፏቀቀ መጣ።

ገበያው ውስጥ ሱቅ የሆነ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቧል፤ ከወገቡ የተቆረጠ መኪና በየደጁ ተጋድሟል። ታላይ የሚባለው ነጋዴ ገና ከሩቅ አወቃቸው፤ በጸደይ የፊት መስታወት የሸጠላቸው እሱ ነው፤ እሷን እንደ እናት 'አፓ'፣ ባሏን እንደ አባት 'አታ' ይላቸዋል።

"እንኳን ደህና መጡ አፓ! አታ፣ እንዳዘዙኝ የግራ መሪ አስቀምጬልዎታለሁ። የመሪው ሳጥንም፣ ፔዳሉም፣ ዳሽቦርዱም ሙሉ ነው።"

"ዳሽቦርዱን ሚስትህ ታጊጥበት" አለች ካልቡቡ።

ታላይ አንድ የመሪ ሳጥን አወጣ።

"ዘይት ያንጠባጥባል" አለች።

ሌላ አወጣ።

"ተጋጭቶ የተቃና ነው። ጠማማ!"

ሦስተኛውን ገና ከመደርደሪያው ሳያወርደው "ይሸታል" አለች።

"አፓ፣ መካኒኩ እርስዎ ነዎት ወይስ አታ?"

"እኔ ዓይኑ ነኝ። ይልቅ ስለዚያ መስታወት ንገረኝ፣ አንተ ሌባ! አሮጌው ጭጋግ ሆነብኝ ብዬ ባስቀይር፣ የባሰውን ገጠምክልን። ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው። ና እየው!"

"ተይው፣ ለመስታወት አልመጣንም" አለ ኦሮዝባይ ቶሎ ብሎ።

"እኔ የመጣሁት ለዚሁ ነው!"

ታላይን በእጅጌው እየጎተተች መኪናዋ ጋ አደረሰችው። ታላይ መስታወቱን በክርኑ ወለወለ፤ ጎንበስ ብሎ ከውጭ አየ፤ ገብቶ በእሷ ወንበር ተቀምጦም አየ። ሊስቅ ቃጥቶት ነበር። ከዚያ ኦሮዝባይን አየው። ኦሮዝባይ አቀርቅሮ ጎማውን በጫማው ጫፍ ይነካካል።

"ጨርቅ ላምጣ" አለ ታላይና ሸሸ።

"ምንድን ነው የምትተያዩት?" አለች ካልቡቡ።

"መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ካልቡቡ።"

"ይሄ?"

"አሮጌውም ንጹሕ ነበር።"

ካልቡቡ መስታወቱን በመዳፏ ጠረገችው።

"ባለፈው ወተት አድርሰን ስንመለስ 'እለፍ' አልሽኝ" አለ ኦሮዝባይ፣ አሁንም ጎማውን እያየ።

"አዎ፣ ያ ሰማያዊ ካሚዮን! ያ እብድ፣ ከሰማይ ዱብ ያለው!"

"ከሰማይ አልወረደም። በቀጥታው መንገድ፣ መብራቱን አብርቶ ነው የመጣው። የመኪናዋን አፍንጫ ሳወጣ አየሁት። ወደ መስመሬ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም።"

ካልቡቡ የካሚዮኑን ሹፌር ሳምንት ሙሉ ረግማዋለች። እናቱን ሳይቀር።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መሪ ልቀይር ብል ትሰድቢኝና ያልፍልሻል። ስለ ዓይንሽ ብነግርሽ ግን..." አልጨረሰውም። "ሐኪም ያየዋል።"

"ይየው። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን እየተመለስን 'እለፍ' ብልህ ታልፋለህ?"

ኦሮዝባይ ዝም አለ። አላልፍም ማለት እንዴት ከባድ ነገር ሆነበት! ያ ዝምታ ካልቡቡን ከካሚዮኑ ይልቅ አስደነገጣት።

ተመልሳ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባች።

"ታላይ! ያንን ሁለተኛውን አምጣው።"

"ጠማማ ነው አላሉም፣ አፓ?"

"ጠማማዋ እኔ ነኝ። አምጣ!"

ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዘንጉን በጣቶቿ አዞረችው። ለዚህ እንኳ ዓይን አያስፈልጋትም፤ ስንት ክረምት መኪና ሥር ለተጋደመ ባል መፍቻ ስታቀብል የኖረች ናት። ጣቶቿ ላላ ያለ ቦታ ፈልገው አጡ።

"ደህና ነው። የዝናብ መጥረጊያውን ክንድ መርቅበት።"

"ሌባ ብለውኝ ምርቃት?"

"ስላልሰረቅክ ነው። ጠቅልል!"

ሲመለሱ ዕቃው ከኋላ በአሮጌ ምንጣፍ ተጠቅልሏል፤ ነገ የኦሮዝባይ የእህት ልጅ ይገጥመዋል። ካልቡቡ በግራ ተቀምጣለች። አቀበቱ ሥር ድርቆሽ የጫነ ካሚዮን ፊታቸው ገባ። ኦሮዝባይ ከኋላው ሆነ። አንድ ጎረምሳ ክላክሱን እየነፋ ደርቦ ሲያልፋቸው በመስኮት ተሳደበ፤ ካልቡቡ አንገቷን አውጥታ አባቱንም አያቱንም አነሳችለት።

"እዚህ ጋ ነው ትንሿ ልጃችን ወተቱን የደፋችው" አለች ስትረጋጋ።

"ከድልድዩ ማዶ ነው።"

"እዚሁ ነው! ፊታችን ነዳጅ ጫኝ መኪና ነበር። አንተ 'ወተቴን፣ ወተቴን' እያልክ ስትጮህ 'እለፍ' አልኩህ።"

"አለፍኩ።"

"አለፍክ።"

የድርቆሹ ሽታ በመስኮት እየገባ መኪናዋን ሞላት። አቀበቱ አናት ላይ ካለው የመኪና ዋሻ ወጥተው ሸለቆው ሲከፈት ካሚዮኑ ወደ አንድ መንደር ታጠፈ። መንገዱ ወለል ብሎ ባዶ ሆነ፤ ይሄንን ማየት ካልቡቡንም አላቃታትም። ኦሮዝባይ ግን፣ በግራው ወንበር ትንሽ ትቆይ ያለ ይመስል፣ ፍጥነት አልጨመረም።