የዳነው እጅ

"ግራውን ተወው ልጄ፣ እሱ ድኗል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክንዷን ወደ ጉያዋ እየሰበሰበች። ቀኝ እጇን የነርቭ መመርመሪያው ኤሌክትሪክ ሲያስፈነጥረው ስለቆየ ሌላ ዙር አላማራትም።

የነርቭ መርማሪው ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። ሁለቱንም እጅ ማወዳደር ግድ መሆኑን በትሕትና አስረዳት። በቀኟ በኩል የነርቩ መልእክት የእጅ አንጓዋን ሲያልፍ እንደሚዘገይ፣ ጉዳቱም መካከለኛ እንደሆነ ነግሯት፣ እሷም በልቧ ተመስገን ብላ ነበር። እንቅልፍ የሚነሳት ቀኙ ነዋ።

ከግራውማ ድሮ ተገላግላለች። እሱም እንደ ቀኙ ሲያቃጥላት፣ ሲደነዝዝባት ከርሞ አንድ ሰሞን ጸጥ አለ። በስፌት ቤታቸው ይህ የታወቀ ነው፤ አዲስ ሰፊ እጄን ብላ ስታለቅስ ነባሮቹ "እጅሽ እስኪለምድ ነው" ይሏታል። እጁ የለመደ ሰው መርፌ ቢወጋውም አይሰማውም። ልብስ ሰፊዋም ደንበኛ ፊት ግራ አውራ ጣቷን በስፒል ወጋ እያደረገች ታስቅ ነበር። ኩራቷ ነበር እኮ!

ባለሙያው ሽቦዎቹን ግራ ጣቶቿ ላይ ለጠፈና አንጓዋን በኤሌክትሪኩ ነካ። በቀኙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይዘል የነበረው መስመር አሁን ቀጥ ብሎ አለፈ። ነቅሎ እንደገና ለጠፈ፤ ኃይሉንም ጨመረ። አሁንም ቀጥ።

"መሣሪያህ ተበላሸ መሰለኝ" አለች እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ወንበሩን አስጠግቶ መዳፎቿን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ከግራ አውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ እጅ ጨርቅ ስትገፋ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላለችውም።

"እትዬ፣ ይሄኛው አልዳነም" አላት። "ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስሜት ማድረስ ስላቆመ ነው። ከባድ የምንለው ደረጃ ይሄ ነው። ቀዶ ሕክምና ቢደረግልዎትም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።"

ክው አለች። ግራ አውራ ጣቷን በቀኟ ጨመቅ አደረገችው።

"ታዲያ መቼ ነበር መምጣት የነበረብኝ?"

"ሲያምዎት።"

ያኔ ታናሽ እህቷ ትዝ አለቻት። ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ከጎኗም ያስቀመጠቻት እሷ። አምና ልጅቷ እጇን ታቅፋ ስታለቅስ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ስትል፣ አትሞላቀቂ ብላ የመለሰቻትም እሷው ናት። ስልኳን ለማውጣት ቦርሳዋን ስትከፍት ቁልፏም መነጽሯም መሬት ላይ ተበተኑ፤ እንዳሉ ትታ ደወለችላት።

እህቷ ከማሽኖች ጩኸት መሃል በደስታ መለሰች። "እታለም፣ እንዳልሽው ሆነልኝ እኮ! ከሰሞኑ ጭራሽ አላመመኝም። ዛሬ ስፒል ወግቶኝ ደሙን ሳይ ነው ያወቅሁት።"

ልብስ ሰፊዋ እኔ ያለሁበት ሐኪም ቤት ቶሎ ነይ አለቻት፤ እህቷም የሙሽሮች ቀሚስ ነገ እንደሚወሰድ፣ ደግሞም እጇ ደህና መሆኑን ነገረቻት። ከኋላዋ አንዷ ስትስቅ ይሰማል። እዚያ ቤት ካሉት ውስጥ ልብስ ሰፊዋ እጅሽ እስኪለምድ ነው ብላ ያልመከረቻት አንዲት ሰፊ እንኳ የለችም።

"እሺ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው" አለች።

"ለምን?"

"ሁሉም ማሽናቸውን ያጥፉና ይስሙኝ። የምነግራችሁ አለ።"