የግራዝማች አሮጌ ጓርኒሲዮን

ግራዝማች ኃይለመለኮትን ሞተር ብስክሌታቸው አዋረደቻቸው። በሄዱበት ሁሉ ዘይት እያንጠባጠበች ሱሪያቸውን ታበላሻለች። ቅዳሜ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባለሥልጣን ሊቀበሉ ዶዮገና ይወርዳሉ፤ ነጩ ሱሪ ከወዲሁ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

ሆሳዕና ውስጥ ሞተር የሚጠግነው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጠና ብቻ ነው። ቦታውን የፈቀዱለት ግራዝማች ናቸው፤ ባሻቸው ቀን ደግሞ ይነቅሉታል። ጠና የቫልቩን መክደኛ ፈታና ዘይት እንዳይወጣ የምታግደውን የላስቲክ ጓርኒሲዮን አወጣት። ቆሽሻለች እንጂ ምንም አልሆነችም።

«ጌታዬ፣ ይህቺ ደኅና ናት። አጥቤ ስመልሳት ዘይት አታሳልፍም።»

«እኔ ነኝ አሮጌ ነገር ላይ የምቀመጠው?» አሉ ግራዝማች። «አዲስ ይምጣ።»

አዲሷ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እንድትመጣ ታዘዘች። አውቶቡሱ ግን ለማንም ቸኩሎ አያውቅም፤ ዓርብ ማታ ባዶ እጁን መጣ። ነጩ ሱሪ ዘይት ከነካው ጠና ቦታውን አጣ ማለት ነው፤ ከቦታው ጋርም የልጆቹን እንጀራ። ስለዚህ አሮጌዋን በሳሙና አጠባት፣ የምትቀመጥበትን በጨርቅ ጠራረገ፣ መለሳትና ብሎኖቹን ከልክ ሳያሳልፍ ተራ በተራ አጠበቀ። ለግራዝማችም «አዲሷ ገብታለች» አላቸው። ውሸት ስለማያምርበት ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ነበር።

ግራዝማች ዶዮገና ደርሰው ሲመለሱ ሱሪያቸው ላይ ጠብታ አልነበረም። በየደረሱበት ስለ አዲሷ ጓርኒሲዮን አወሩ። የሞተሩ ድምፅ ተለውጧል፤ ዳገቱንም እንደ ሜዳ ወጣው አሉ። ከኋላ ተፈናጥጦ የሄደው ጸሐፊያቸው ወልደኪዳን «ጃንሆይ ይሙቱ፣ ልዩነቱ ወገቤ ድረስ ተሰምቶኛል» ብሎ መሰከረ።

ሰኞ አውቶቡሱ አዲሷን ይዞ ደረሰ። ጠና ሊደብቃት ሲል ግራዝማች ሰው አስከትለው ከተፍ አሉ።

«አሮጌዋን አምጣት። ምን ተሸክሜ እንደኖርኩ ሰው ይይልኝ።»

አሮጌዋ ያለችው ሞተሩ ውስጥ ነው። ጠና ዞር ብሎ አዲሷን የተቃጠለ ዘይት ቀባ አደረጋትና በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ግራዝማች ወደ ብርሃን አንሥተው መረመሯት። «አያችሁ? አልቃለች እኮ። ላስቲክነቷም ጠፍቷል።»

«ትሸታለች» አለ ወልደኪዳን አፍንጫውን ይዞ። የቀሩትም እየተቀባበሉ ዳሰሷትና ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱማ ግራዝማች በሕይወት መትረፋቸው የፈጣሪ ሥራ ነው አለ።

«አንተ ደግሞ ይህችን ነው ደኅና ናት ያልከኝ» አሉ ግራዝማች ወደ ጠና ዞረው።

ጠና የቆመባትን መሬት አየ። «ተሳስቼ ነው ጌታዬ። ዓይንስ እንደ እርስዎ ነው።»

ግራዝማች ደስ ብሏቸው ይቅር አሉት። ሌላ ሰው እንዳይታለልባት ብለው ግን ሰንጢያቸውን አወጡና ጓርኒሲዮኗን ከታትፈው ጣሏት። ሞተራቸውን አስነሥተው ከነአጃቢዎቻቸው ሄዱ።

ጠና አጎንብሶ ቁርጥራጮቹን ለቀመ። ምስኪን፣ አንድ ቀን እንኳ ሞተር ውስጥ ሳትገባ በእርጅና ሞተች።